ከጥገናው የቀደመ ሙከራ

የካቲት 3

ለተከበሩ ሲስተር፣

ሰላምታዬ ከመንገዱ አቧራ ጋር ተደባልቆ እንዳይደርስዎ ፖስታውን በላስቲክ ጠቅልዬ ነው ለአውቶቡሱ ሾፌር የሰጠሁት።

ሳሉን ለጠየቁኝ፣ ለቆኛል። ያዘዙልኝን ሽሮፕ ጨርሻለሁ፤ በልኩ ግን አልወሰድኩም፣ ይቅርታ። ለምን አይደውሉም ላሉኝ፣ በስልክ እኮ እኔና እርስዎ «ደህና ነዎት?» «ደህና ነኝ» ተባብለን ዝም ነው። ወረቀት ላይ ዝም ስል ቢያንስ እስክሪብቶው እጄ ላይ አለ።

ወደ ላፕቶፑ ልምጣ። ለጥቂት ወር ወደዚያ ጤና ጣቢያ ሊሄዱ በተነሱበት ዕለት መናኸሪያው ውስጥ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የስፌት መኪና ስጠግን የኖርኩ ሽማግሌ፣ ድፍረቱ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ «ሁለታችንም ብቻችንን ከምንቀር ቢያገቡኝስ?» አልኩዎ። እርስዎ ከቦርሳዎ ይህን ትንሽ ላፕቶፕ አውጥተው እቅፌ ላይ ጣሉት። «መጀመሪያ ይህን ይሥሩልኝ፤ መልሱ ከዚያ በኋላ ነው» አሉና ተሳፈሩ። እኔ እንደ ግንድ ቆሜ ቀረሁ። ተራ አስከባሪው «አባባ፣ ተሳፋሪ ነዎት ወይስ ሸኚ?» አለኝ። እስካሁንም አልመለስኩለትም።

ማሽኑ ሲከፈት ጥቁር ይሆንና ነጭ ጽሑፍ ደርድሮ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ አይራመድም። እኔ በመርፌና በዘይት የማምን ሰው ነኝና ለጎረቤቴ፣ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት አሳየሁት። ሰፈሩ ጥይት ይለዋል፤ አንድ ገጽ ኮፒ እስኪያደርግ ደንበኛው ቁርሱን በልቶ ይመለሳል። አገላብጦ አገላብጦ፣ «አካሉ ደህና ነው፤ ውስጡ የሚያስኬደው ፕሮግራም ነው የሞተው። እንዲህ ላለ ትንሽ ላፕቶፕ ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ነገር አለ። በፍላሽ አድርጌ አበድርሃለሁ፤ ከፍላሹ ወደ ማሽኑ ትጭነዋለህ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል፣ «ቆይ እንጂ! ሲጫን የነበረው ሁሉ ይጠፋል» አለ።

እዚህ ላይ ነው እጄ የታሰረው። ማሽኑ የባለቤትዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የመምህር እንደነበረ አውቃለሁ። ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ማወቁም የእኔ ድርሻ አይደለም። እርስዎ «ይጥፋ» ካላሉኝ ጫፉን አልነካም።

ሱቅ ውስጥ ስቀመጥ ቤት፣ ቤት ስገባ ሱቅ እያማረኝ ሰንብቻለሁ። ስጸልይ እንኳ በመሐል ተነስቼ ያቺን ማሽን አቧራ አራግፍላታለሁ። የሁለቱንም ነገር መልስ እጠብቃለሁ።

ጠጋኙ


የካቲት 15

ለጌታው ጠጋኝ፣

ዘግይቻለሁ። ይቅርታ የምለው አንዴ ብቻ ነው፤ ሕፃናት ቀጠሮ አያከብሩም። በዚህ ሳምንት አንዷ እናት ወንበር ላይ፣ አንዷ ደግሞ በሩ ላይ ልትወልድብኝ ነበር። ወረቀቱ አዮዲን አዮዲን ከሸተተዎ እጄ ነው።

በመሐል በላኳቸው ደብዳቤዎች ክፍሌን ለጠየቁኝ፣ ጠባብ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። ዝናብ ሲመጣ የራሴን ሐሳብ አልሰማም። ከጎኔ የምትኖረው የፋርማሲዋ ልጅ «ሲስተር፣ በየአውቶቡሱ ደብዳቤ የሚልክልሽ ማነው?» ብትለኝ «የስፌት መኪና ጠጋኝ» አልኳት። «የስፌት መኪና አለሽ እንዴ?» አለች። የለኝም። ከዚያ ወዲህ ባየችኝ ቁጥር ብቻዋን ትስቃለች።

መቼ ይመለሳሉ ላሉኝ፣ ሥራ በዝቷል።

የጠየቁኝን የማሽኑን የይለፍ ቃል አላውቀውም። እሱም አልነገረኝም። መቼስ ጠይቀውኛል፣ ልንገርዎ። በመጨረሻው ዓመት፣ ሕመሙ ከጸናበት በኋላ፣ ይህን ማሽን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፍ ነበር። እኔ ስገባ ክድን ያደርገዋል። «ምንድነው?» ስለው «ሥራ ነው» ይለኛል። አልጋ ላይ የወደቀ ሰው ምን ሥራ አለው? ኑዛዜ ነው አልኩ። ወይም የተቀየመኝ ነገር። ወይም ሌላ ሰው። እሱ ካለፈ በኋላ ልከፍተው ስል ማሽኑ እምቢ አለ። ሰው በየቦታው ፎቶ ይዞ ይዞራል፣ እኔ የማይከፈት ነገር ይዤ ዞርኩ።

ይጥፋ። ቶሎ ያጥፉልኝ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።

የመናኸሪያውን ነገር አልረሳሁም። ቃሌ ቃል ነው፤ መጀመሪያ ማሽኑ።

ሲስተር


የካቲት 27

ለተከበሩ ሲስተር፣

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማሽንዎ ነፍስ ዘርቷል! ሰላምታውን አስቀድሜ ልጽፍ ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ። አጭር ጸሎት አደረስኩና ፍላሹን ከጎኑ ሰካሁ። ሲበራ ወዲያው ከላይ ያለችውን አንዲት ቁልፍ ቶሎ ቶሎ መምታት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ፍላሹን ትቶ ወደ ድሮው ጨለማ ይሄዳል። ጣቴ ወፍራም ነው፣ ስስታት፣ ሳጠፋ፣ ስስታት ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ ያዝኳት። ስክሪኑ ላይ ሁለት ነገር መጣ፤ አንዱ «ሞክር» ይላል፣ አንዱ «ጫን»።

በእኛ ሙያ ሕግ አለ። የትኛውም መኪና ሳይሞከር ከሱቅ አይወጣም። ጠግነው ሲጨርሱ ቁራጭ ጨርቅ አስገብተው ቀጥ ያለ መስመር ይሰፉበታል፤ መስመሩ ከተወላገደ ለባለቤቱ አይሰጥም። ሙከራ የጥገና ማሠሪያ ነው። እናም ማሽኑ ራሱ ሥራውን ጨርሶ «ሞክረኝ» ሲለኝ፣ ምን ያለ ጨዋ ማሽን ነው አልኩና «ሞክር» የሚለውን ነካሁ። ትንሽ አጉረመረመ፣ ከዚያ ሰማያዊ ሆኖ ተከፈተ። እንዴት ይሮጣል መሰለዎ! ጥይት «ይጥፋ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል» ብሎ አስፈራርቶኝ ነበር። እኔን አልጠየቀኝም። ያን ጥያቄ ፈጣሪ ከእጄ ላይ አነሳልኝ ብዬ አመሰገንኩ።

ከዚያ በቁራጭ ጨርቅ ፋንታ ባዶ ገጽ ከፈትኩና ለእርስዎ ጻፍኩ። በእስክሪብቶ የማልደፍረውን ነው የጻፍኩት፤ ፊደሉ የእኔን እጅ ስለማይመስል ይሆናል። «ለሲስተር» ብዬ ፊት ለፊት አስቀምጬዋለሁ፤ እንደከፈቱት ያገኙታል። ማሽኑን አጥፍቼ፣ ፍላሹን ነቅዬ ለጥይት መለስኩለት፤ ላፕቶፑን በጥጥ ጨርቅ ሰፍቼ ለሾፌሩ ሰጠሁት።

ለእርስዎ ብዬ የቀባሁት ክፍል ቀለም ምን ዓይነት ነጭ ነው ላሉኝ፣ ወደ ወተት የሚያደላ ነው። መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አስገብቻለሁ። ልጄ መጥታ «ጠረጴዛው ለማን ነው አባዬ?» አለችኝ። «ለብርሃኑ» አልኳት። «ብርሃን ይጽፋል እንዴ?» ብላ እየሳቀች ሄደች።

ማሽኑ ተሠርቷል፣ ሲስተር። አሁን አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ከሱቄ ደጅ እወጣለሁ።

ጠጋኙ


መጋቢት 9

ለጌታው ጠጋኝ፣

ማሽኑ ደርሷል። ጨርቁ ቆንጆ ነው። ከፈትኩት። ጥቁር ሆነ፣ ያው ነጭ ጽሑፍ ተደረደረ፣ ቆመ። ደግሜ ከፈትኩት፣ ያው። «ለሲስተር» የሚባል ነገር የለም። ሰማያዊም የለም። የፋርማሲዋ ልጅ «ጠጋኝሽ ልብስ አልብሶ ነው የመለሰልሽ» አለች።

ልሳቅ ነበር። አልቻልኩም። «ይጥፋ» ብዬ ከጻፍኩልዎ በኋላ እንዴት እንደሰነበትኩ አያውቁም። ደብዳቤው ከእጄ ሲወጣ አውቶቡሱን ሮጬ ላስቆም ወጥቻለሁ፤ ከነጋውኔ፣ በሰው ፊት። «ተሠርቷል» የሚለውን ሲጽፉልኝ ደግሞ በቃ ሄደ ብዬ ተቀመጥኩ። አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ቀበርኩ። አሁን ይኸው ማሽኑ እንደነበረው ሆኖ ፊቴ ተቀምጧል።

ጠፍቷል ወይስ አልጠፋም? ስለ ቀለም፣ ስለ ጠረጴዛ አይጻፉልኝ። በአንድ ቃል ይመልሱልኝ።

የጻፉትስ ምን ነበር? አይንገሩኝ። አይ፣ ይንገሩኝ።

ሲስተር


መጋቢት 16

አልጠፋም።

በአንድ ቃል ስላሉኝ ነው ሰላምታዬ ከኋላ የመጣው፤ እንደምን ሰነበቱ፣ ሲስተር?

ደብዳቤዎን ይዤ ጥይት ዘንድ ሮጥኩ። እንዳደረግኩት አድርጌ ስነግረው ወረቀት የሚያስገባበት ማሽን ላይ ተደፍቶ ሳቀ። «ወንድሜ፣ ሞክር ማለት እኮ ሳትገዛ ቅመስ ማለት ነው! ያ ሁሉ ሲሮጥ ያየኸው ከፍላሹ ላይ ነው፤ ወደ ማሽኑ አልገባም። ፍላሹን ስትነቅል ነፍሱን ነቀልክ። የጻፍከውም ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ሄደ።»

«ሙከራ ከጥገና የሚቀድመው የት አገር ነው?» አልኩት።

«በኮምፒውተር አገር» አለኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ያገለገለኝ ሕግ ነው ያዋረደኝ። ይህ ግን አይደለም ዕረፍት የነሳኝ። ጥይት «የድሮው ምንም አልተነካም» ሲለኝ ደስ አለኝ። ለምን ደስ አለኝ? መምህር ከጠፉ መንገዱ ለእኔ ይጠረጋል ብዬ ያሰብኩ ሰው አልነበርኩም? ይህን ጥያቄ ይዤ ስንቆራጠጥ ዓይኔ ጥግ ላይ ወዳለው የባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የስፌት መኪና ሄደ። የሰውን ሁሉ ስጠግን የእሷን ክዳን አንስቼ አላውቅም። መርፌው ላይ ሰማያዊ ክር እንደተሰካ ነው። የራሴን ክር ሳልነቅል ነው የሰው ባል ላጠፋ እጄን የዘረጋሁት። እርስዎ «ይጥፋ» ቢሉም፣ እኔ «ይቆዩ እስቲ» ልልዎ ይገባኝ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያች የሙከራ ሰዓት ስክሪኑ ጥግ ላይ የሳጥን ሥዕል አይቻለሁ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ የእኔ ያልሆነ ሳጥን ነውና አልከፈትኩትም። ለካ የመምህር ዕቃ በሙሉ እዚያ ነበር። ጥይት እንደሚለው የሞተው ፕሮግራሙ እንጂ ዕቃው አይደለም፤ በፍላሹ በኩል የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ይከፈታል።

ስለዚህ ፍላሹን ልኬልዎታለሁ፤ ጥይት «እሷው ዘንድ ይቅር» ብሏል። ሲያበሩት ከላይ ያለችውን ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ይምቱ። መጀመሪያ «ሞክር» ይበሉ፤ ሳጥኑን መክፈት አለመክፈት የእርስዎ ነው። ኋላ «ጫን» ካሉ ይጠይቅዎታል። ያን ጊዜ እኔ የለሁበትም፤ ጠጋኝ እንጂ ዳኛ አይደለሁም።

የጻፍኩትን ደግሜ ልጽፈው ተቀምጬ ነበር። እንደተተረተረ ስፌት ነው፤ የመርፌው ቀዳዳ ይታየኛል፣ ክሩ ግን አይመለስም።

መቼ ይመለሳሉ ብዬ ደጋግሜ ጠይቄ «ሥራ በዝቷል» ነው ያሉኝ። የያዙብኝ ነገር ካለ ይንገሩኝ። ክፉም ቢሆን ከመቆራጠጥ ይሻለኛል።

ጠጋኙ


መጋቢት 29

እንዴት ነህ?

ፍላሹ ደረሰ። በምሳ ሰዓት በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ቁልፏን ሳትስት ያዝኳት፤ የእኔ ጣት ቀጭን ነው። ሰማያዊው መጣ። ሳጥኑን ከፈትኩት።

ምን አገኘሁ መሰለህ? ፈተና! የስምንተኛ ክፍል የጂኦግራፊ ፈተና። «ከሚከተሉት ውስጥ ወደ ባሕር የማይደርሰው ወንዝ የቱ ነው?» እልፍ ብዬ ሌላ ከፈትኩ፤ ፈተና። ሌላ፤ ፈተና። ይሄ ሁሉ ዓመት ኑዛዜ ነው፣ ቂም ነው፣ ሴት ናት እያልኩ የተንገበገብኩበት! ሳቄ መጣ፤ የፋርማሲዋ ልጅ ደንግጣ በሩን መታች።

ከዚያ ከላይ የተጻፈውን ዓመት አየሁ። ለዚያ ዓመት ያወጣው አይደለም። ለሚቀጥለው ነው፣ ከሚቀጥለው ለሚከተለውም ነው። ሐኪሙ የነገረንን ጊዜ አልፎ፣ ለማያያቸው ልጆች ሲያወጣ ነበር የከረመው። እኔ ስገባ የሚከድነው፣ ለማይደርስበት ዓመት ሲሠራ እንዳላየው ነው። ሌላ ምሥጢር የለም። ሳቄ የት እንደሄደ አላውቅም።

ፈተናዎቹን በፋርማሲዋ ልጅ ፍላሽ ገልብጬ እዚህ ላለው ትምህርት ቤት መምህር ሰጠሁት። ባለፈው መንገድ ላይ አስቁሞኝ «ሲስተር፣ ሦስተኛው ጥያቄ ሁለት መልስ አለው» አለኝ። ከሞተ ሰው ጋር የሚሟገት አገኘሁለት ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ «ጫን» አልኩ። ይጥፋ ወይ አለኝ። አዎ አልኩ። አሁን ፍላሹን ነቅዬም ይሠራል። ማሽኑ ተሠራ ማለት ነው፤ እንግዲህ ቃሌን ልጠብቅ።

ለጥቂት ወር ነው የምሄደው ብዬህ ነበር። ውሸቴን ነው። ከመሳፈሬ በፊት እዚህ በቋሚነት ለመቅረት ተስማምቼ ነበር። እዚህ ሌላ አዋላጅ የለም፤ እኔ ከሄድኩ ሴቶቹ የሚሄዱበት የለም። አንተ መናኸሪያው ላይ ስትጠይቀኝ ይህን ልነግርህ አፌን ከፍቼ ነበር፣ ፊትህን አየሁና እጄ ላፕቶፑን አወጣ። የሰጠሁህ እንድትሠራው አልነበረም፤ እንድትዘገይበት ነው። አንተ ግን ግድግዳ ቀባህ።

ይቅርታ ሁለተኛ አልልም ብዬህ ነበር፤ ይኸው አልኩ።

መልሴ እሺ ነው። እሺዬ ግን እዚህ ነው ያለው፤ ወደዚያ አይመጣም። ብትቀርም አልቀየምህም። ዝም አትበለኝ እንጂ።


ሚያዝያ 10

እንደምን ሰነበትሽ?

ዝም ብዬሻለሁ። ደጋግሜ ጽፌ ቀድጃለሁ፤ የተቀደዱት እንዳይደርሱሽ ምድጃ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። ደህና ቃል አልነበረባቸውም።

ልደብቅሽ አልችልም፣ ተናደድኩ። እሺ የሚለውን አንብቤ እንደ ልጅ ልዘል ስል ቀጥሎ ያለው መስመር እግሬን ያዘው። ሱቄን ዘግቼ መንገድ ለመንገድ ተንከራተትኩ። ስከፍት ደግሞ ባልከፈትኩት ይሻል ነበር፤ የአንዷን ደንበኛ መርፌ አዙሬ ሰክቼ ጨርቋን በላባት። «ምን ሆነዋል ዛሬ?» አለችኝ። ልጸልይ ቆምኩና የወጣኝ ክስ ነው፤ አታለለችኝ፣ አታለለችኝ። እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን ጸሎት መስማት የለመደ ይመስለኛል፤ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ስጨርስ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። መናኸሪያው ላይ ስጠይቅሽ፣ ከዚያም ግድግዳውን ስቀባ፣ ጠረጴዛ ስገፋ፣ በሐሳቤ አንቺን ብቻ ነው ከቦታሽ ያነሳሁት። እኔ ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም። «የት መኖር ትፈልጊያለሽ?» ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኩሽም። ጠይቄሽ ቢሆን ለመዋሸትም ምክንያት አታገኚም ነበር።

ልጄ ምን አለች ብለሽ በሾፌሩ ማስጠየቅሽ ደርሶኛል። ስነግራት ዕቃ እያጠበች እጇ ውኃ ውስጥ ነበር፤ አላወጣችውም።

«እሷን ከሥራዋ ነቅለህ ልታመጣ ነበር አይደል?» አለችኝ።

«ነበር።»

«አንተ ስትነቀል ነው እንግዲህ የሚያምህ?»

«አንቺን ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ?» አልኳት።

«አባዬ፣ እኔ የራሴን ልጆች የማዝል ሴትዮ ነኝ። ይልቅ ያንን ነጭ ክፍል ለእኔ አድርገው፤ ልጆቹ ግድግዳውን እስኪያበላሹት ቸኩለዋል።» ከዚያ ፊቷን አዞረች። አለቀሰች መሰለኝ፤ ደግሞም ሳቀች መሰለኝ። አልጠጋሁም፤ እሷም እንደ እናቷ ሲያዩዋት አትወድም።

ቆርጫለሁ። ቆረጥኩ ስል ልቤ ረጋ ማለቴ አይደለም። ዕቃ ስሸክፍ መፍቻዎቼን አስገባለሁ፣ አወጣለሁ። በዚያ አገር የስፌት መኪና ይኑር አይኑር እንኳ አልጠየቅኩሽም፤ ከሌለ ቁልፍም፣ ዣንጥላም እጠግናለሁ። ለራሴ ክፍል እከራያለሁ፤ በእግዚአብሔር ፊት ቆመን እስክንጋባ ድረስ ከደጅሽ አላልፍም፣ ይህን ከወዲሁ ለፋርማሲዋ ልጅ ንገሪያት። ያን የቆርቆሮ ጣሪያ ሳስበው ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ያስፈራኛል፤ በዚህ ዕድሜ በሌላ ሰው ዝናብ ሥር መተኛት ቀላል አይደለም።

ሐሙስ እነሳለሁ። መናኸሪያ ወጥተሽ አትጠብቂኝ፤ ምጥ የያዛት ሴት ጥለሽ መጣሽ ብዬ አላስብ። እኔው ራሴ ወደ ጤና ጣቢያው እመጣለሁ። ከነፍሰ ጡሮቹ ኋላ አግዳሚው ላይ ወረፋ ይዤ እቀመጣለሁ። ይሳቁብኝ። ተራዬ ደርሶ ስገባ አትደንግጪ፤ እንደማንኛውም በሽተኛ «ምን ሆነህ መጣህ?» ብለሽ ጠይቂኝ።

መልሱን ከአሁኑ እያሰብኩበት ነው፤ እስካሁን ግን አላገኘሁትም።